ከከባድ የጉልበትና የእግር ጉዳት በኋላ፦ የምስል ምርመራዎ ምን ይነግራል? ማገገሙስ እንዴት ነው?

ይህ ጽሑፍ በአላሜዳ ካውንቲ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። በመኪና አደጋ፣ ከከፍታ በመውደቅ፣ በሥራ ቦታ ወይም በኳስ ጨዋታ ጉልበትዎ ወይም እግርዎ በጣም ከተጎዳ የትኛው ምርመራ ለምን እንደሚታዘዝና ቤትዎ ከተመለሱ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያስረዳል። የሐኪምዎን ምክር አይተካም።

ማስታወስ ያለብዎ 4 ነገሮች

• ኤክስሬይ በዋናነት የሚያሳየው አጥንትን ነው። «አጥንትዎ አልተሰበረም» ማለት «ጉልበትዎ ደህና ነው» ማለት አይደለም።
• እግርዎ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ ወደ 911 ይደውሉ። የቀጠሮ ቀን አይጠብቁ።
• ያበጠ ወይም የተሰበረ እግር አይታሽም፤ ተጠብቆም አይታሰርም።
• ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው የመንገዱ መጀመሪያ ናቸው። እግርዎን ወደ ሥራው የሚመልሰው ክትትሉና እንቅስቃሴው ነው።

ጉልበት ውስጥ ምን አለ?

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። ከፊቱ የጉልበት ሎሚ አለ። አጥንቶቹን አጥብቀው የሚይዙ 4 ዋና ዋና ጅማቶች አሉ፤ 2ቱ በመገጣጠሚያው ውስጥ ተመሳቅለው ያልፋሉ፣ 2ቱ ደግሞ በግራና በቀኝ ጎን ይገኛሉ። በአጥንቶቹ መካከል ሜኒስከስ የሚባሉ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው 2 ትራሶች አሉ። ከጉልበት ጀርባ ወደ እግር ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ቧንቧ ያልፋል። ከጉልበት በታች በውጭው ጎን ደግሞ ቁርጭምጭሚትንና ጣቶችን ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ያልፋል።

ከባድ ወይም ውስብስብ ጉዳት የሚባለው ከእነዚህ ውስጥ ከአንድ በላይ የሆነው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ነው። አጥንት፣ ጅማት፣ የደም ቧንቧና ነርቭ አብረው ሊጎዱ ይችላሉ።

የሚናገሩት ነገር እንደ ምስሉ ያህል ይጠቅማል

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። ጉልበቱ ወለቀ፤ አምቡላንስ ሳይደርስ ግን በራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። በኤክስሬዩ ላይ አጥንቶቹ በቦታቸው ናቸው፣ ስብራትም የለም። ሰውየው «መኪና ገጨኝ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ጉዳቱ ቀላል ሊመስል ይችላል። «ጉልበቴ ወጥቶ ተመልሷል» ካለ ግን ሐኪሙ ከጉልበት ጀርባ ያለውን የደም ቧንቧ ወዲያውኑ ይመረምራል፤ ጉልበት ሲወልቅ ይህ ቧንቧ ሊቀደድ ወይም ሊዘጋ ይችላልና። የደም ዝውውሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተመለሰ እግሩን ማትረፍ በጣም አስቸጋሪ ይሆናል።

ስለዚህ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ እነዚህን ይንገሩ፦

• ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ፤ እግርዎ ወደየት እንደተጣመመና ጉልበትዎ ወልቆ እንደነበረ።
• የመበጠስ ድምፅ ሰምተው እንደሆነ።
• እብጠቱ መቼ እንደጀመረ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በፍጥነት ያበጠ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ውስጡ ደም አለ ማለት ነው፤ ይህም የጅማት መበጠስን ወይም ስብራትን ያስጠረጥራል። በማግስቱ ቀስ ብሎ ያበጠ ከሆነ የሜኒስከስ ጉዳት ሊሆን ይችላል።
• ከጉዳቱ በኋላ ቆመው መራመድ ችለው እንደነበረ።
• የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይናገሩ።

እንግሊዝኛ ቢከብድዎ በግማሽ አይግባቡ። ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በአካል ከሌለ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀርብልዎታል። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ይበሉ። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ የሕክምና ቃል ለልጅ ከባድ ነው፣ የሚሰማውም ሊያስደነግጠው ይችላል።

እያንዳንዱ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ

ኤክስሬይ፦ «አጥንት ተሰብሯል? ከቦታው ወጥቷል?»

አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው ይህ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። የጉልበት ኤክስሬይ ጨረር በጣም ጥቂት ነው፤ በአንድ ቀን ከአካባቢያችን ከምንቀበለው የተፈጥሮ ጨረር ያነሰ ነው። ቢሆንም ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይንገሩ።

ለእያንዳንዱ የጉልበት ጉዳት ኤክስሬይ አያስፈልግም። ብዙ ሐኪሞች የኦታዋ የጉልበት መመሪያ የሚባለውን ይከተላሉ። በዚህ መሠረት ታካሚው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የጉልበቱ ሎሚ ብቻ ወይም በውጭው ጎን ያለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ሲነካ ካመመው፣ ጉልበቱን እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ካልቻለ፣ ወይም 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ ኤክስሬይ ይነሳል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለና ሐኪሙ «ኤክስሬይ አያስፈልግም» ካለዎት ችላ ብሎዎት ላይሆን ይችላል። ምክንያቱን ይጠይቁ።

ሲቲ ስካን፦ «ስብራቱ ምን ይመስላል? የት የት ደርሷል?»

የቅልጥም አጥንት የላይኛው ክፍል፣ ማለትም የጉልበት መቀመጫው ሲሰበር ብዙ ቦታ ሊሰነጠቅና ወደ ታች ሊሰምጥ ይችላል። ሲቲ ስካን ስብራቱን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚያሳይ ቀዶ ሐኪሙ ብሎኑንና ብረቱን የት እንደሚያስገባ ለማቀድ ይረዳዋል።

የደም ቧንቧ ምርመራ፦ «ደም እስከ ጣት ይደርሳል?»

በመጀመሪያ በእግርዎ ላይ የልብ ትርታን በእጅ ይፈልጋሉ። ከዚያ የቁርጭምጭሚትዎን የደም ግፊት ከክንድዎ ጋር ያነጻጽራሉ። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ 90 ከመቶ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቶ የደም ቧንቧ ሲቲ ስካን ይነሳል። ፈሳሹ ሲገባ ሰውነትዎን ሞቅ ሊልዎት ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ከዚህ በፊት በዚህ ፈሳሽ አለርጂ ከነበረብዎ፣ ኩላሊትዎን ካመመዎት ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

ኤምአርአይ፦ «ጅማቱ፣ ሜኒስከሱና ልም አጥንቱ እንዴት ናቸው?»

ኤምአርአይ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔት ነው፤ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረር የለውም። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ሳይንቀሳቀሱ ይተኛሉ፤ ማሽኑ በጣም ስለሚጮህ የጆሮ መከላከያ ይሰጥዎታል። ጠባብ ቦታ ካስፈራዎት አስቀድመው ይንገሩ።

ማግኔቱ ብረት ስለሚስብ የሚጠየቁትን ቅጽ በጥንቃቄ ይሙሉ። የልብ ምት ማስተካከያ ካለዎት ይናገሩ። ከጦርነት ወይም ከአደጋ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ በሰውነትዎ ውስጥ ካለም ይናገሩ፤ እንዴት እንደገባ መናገር አይጠበቅብዎትም፣ የሚጠየቁት ለደኅንነትዎ ብቻ ነው። ብረት ሲቆርጡ ወይም ሲበይዱ ዓይንዎ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ከነበረም እንዲሁ። ማተብዎ ላይ የብረት መስቀል ካለ መውለቅ አለበት፤ ክሩ ብቻ ከሆነ ለባለሙያው ያሳዩና ይጠይቁ። ከዚህ በፊት አጥንትዎ ውስጥ የገባ ብረት ብዙውን ጊዜ ምርመራውን አይከለክልም፣ ግን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን አይነሳም። እብጠቱ ሲቀንስ በቀጠሮ ይሠራል፤ የመድን ድርጅትዎም ቅድሚያ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ቀጠሮው እንዳይረሳ በ1 ሳምንት ውስጥ ካልተደወለልዎ እርስዎ ይደውሉ።

አልትራሳውንድ፦ «በእግሬ ውስጥ ደም ረግቷል?»

ባት ወይም ጭን ሲያብጥና ሲያም በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖሩን ለማየት ይታዘዛል። ጨረር የለውም።

የምርመራ ሪፖርቱን ሲያነቡ

ሪፖርቱ ከሐኪምዎ ቀጠሮ በፊት በስልክዎ ሊደርስዎት ይችላል። እነዚህን ቃላት ብዙ ጊዜ ያያሉ፦

• «ኖ አኪውት ፍራክቸር»፦ በዚህ ምስል ላይ አዲስ ስብራት አልታየም። ስለ ጅማት ምንም አይናገርም።
• «ኢፊውዥን»፦ በመገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ ወይም ደም አለ። ይህ አንድ ነገር መጎዳቱን ይጠቁማል።
• «ዲስፕሌስድ»፦ የተሰበረው አጥንት ከቦታው ተንሸራትቷል።
• «ፓርሻል ቴር»፦ በከፊል ተቀድዷል። «ኮምፕሊት ቴር»፦ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል።
• «ዲጄነሬቲቭ»፦ በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት የመጣ መሳሳት ወይም መበላት።

በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሕመም አይደለም። በማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ ከ50 እስከ 90 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 991 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ የሜኒስከስ ቅድ ከታየባቸው ሰዎች 61 ከመቶዎቹ ባለፈው ወር ጉልበታቸውን አሟቸው እንደማያውቅ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ ምስሉን፣ የእጅ ምርመራውንና የነገሩትን አንድ ላይ አድርጎ ይወስናል። ኤክስሬዩ ንጹሕ ሆኖ ጉልበትዎ ግን የሚከዳዎት፣ የሚቆለፍ ወይም ከ1 ሳምንት በኋላም ክብደት የማይችል ከሆነ ተመልሰው ይሂዱ።

የምስሎችዎን ቅጂ የማግኘት መብት አለዎት። ሌላ ሐኪም ጋር ሲሄዱ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹንም ይያዙ፤ ምርመራውን ከመድገም ያድንዎታል።

ወዲያውኑ ወደ 911 የሚያስደውሉ ምልክቶች

• እግርዎ ቀዝቅዞ፣ ገርጥቶ ወይም ጠቁሮ ካዩት።
• ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ መድኃኒት ካልመለሰው፣ ጣቶችዎን ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅስ በጣም ካመመዎት፣ ባትዎም እንደ እንጨት ከደረቀ። የቅልጥም ጡንቻዎች በጠንካራ ሽፋን የተከበቡ ናቸው፤ ውስጡ ሲያብጥ ግፊቱ ደሙን ያፍናል። ይህ ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይባላል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።
• ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ። የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ቀን ወደ ሐኪምዎ የሚያስደውሉ ምልክቶች፦ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተዎት፣ አንደኛው ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ ቁስሉ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ወይም ጄሶው ከጠበበ። ጄሶው ጠቦ ጣቶችዎ ከደነዘዙ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ወጌሻና ስለ ማሸት

ብዙዎቻችን ያደግነው ወለምታ ሲይዘን ወደ ወጌሻ እየሄድን ነው። ለከባድ ጉዳት ግን ምስል ሳይታይ መታሸት አደገኛ ነው። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ስብራቱ ይንሸራተታል፤ ስለቱም የደም ቧንቧን ወይም ነርቭን ሊቆርጥ ይችላል። በባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ ደግሞ መታሸቱ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደም አፍኖ እግርን ሊያበሰብስ ይችላል። በኢትዮጵያ ያሉ ሐኪሞች ይህን ችግር ለብዙ ዓመታት አይተዋል፤ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና መስጠት ችግሩን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የቤተሰብዎን ምክር ማክበርና ሐኪምዎን መስማት አብረው ይሄዳሉ፦ «መጀመሪያ ሐኪሜን ልጠይቅ» ይበሉ። ጠበልም ቢሆን ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ቁስል ወይም ጄሶ እንዳያርስ ይጠንቀቁ።

ማገገም፦ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

እንደ ጉዳቱ ይለያያል። የጉልበት መቀመጫ አጥንት ከተሰበረ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት እግሩ ላይ ክብደት አይደረግም። የቅልጥም አጥንት መካከሉ ሲሰበር ለመጠገን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። የፊተኛው የተመሳቀለ ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተተካ ወደ ኳስ ጨዋታ መመለስ ቢያንስ 9 ወር መጠበቅን ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት የሚመለስ ሰው ጉልበቱን ዳግም የመጉዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ክብደት ማሳረፍ። ሐኪምዎ ከ4ቱ አንዱን ያዝዛል፦ ጨርሶ አለመርገጥ፣ ለሚዛን ብቻ ጣት ማስነካት፣ በከፊል መርገጥ፣ ወይም የቻሉትን ያህል መርገጥ። የትኛው እንደታዘዘልዎ አስጽፈው ይያዙ። «በከፊል» ከተባሉ የቤት ሚዛን ላይ ረግጠው ስንት ኪሎ እንደሆነ ይለማመዱ።

ክራንች። ክብደትዎን በእጆችዎ እንጂ በብብትዎ አይሸከሙ። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ክራንቹና የተጎዳው እግር ይቅደሙ።

ጉልበትን ቀጥ ማድረግ። ብዙ ሰው ሕመሙ ቀለል እንዲለው ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ ይተኛል። ይህ ጉልበቱ ታጥፎ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ሐኪምዎ ካልከለከለዎት ትራሱን ከተረከዝዎ ሥር ያድርጉ።

እንቅስቃሴ። ከተፈቀደልዎ ቁርጭምጭሚትዎን በየሰዓቱ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። የጭንዎን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ጨብጠው ይልቀቁ። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አይዝለሉ፤ መጓጓዣ ካስቸገረዎ ለመድን ድርጅትዎ ይንገሩ።

መድኃኒት። ታይሌኖል በሚል ስም የሚታወቀው አሲታሚኖፌን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፤ የጉበት ሕመም ካለብዎ ከዚያም ያነሰ ነው። ሌላው ማስታገሻዎም ይህንኑ ሊይዝ ስለሚችል ፋርማሲውን ይጠይቁ። ኃይለኛ ማስታገሻ ከወሰዱ አይንዱ፣ አልኮል አይጠጡ፣ መድኃኒቱንም ለሌላ ሰው አይስጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከታዘዘልዎ በራስዎ አያቋርጡ።

ምግብና ጾም። አጥንት ለመጠገን ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። በጾም ወራት ምስር፣ ሽሮ፣ አተርና ሽምብራ ያብዙ። መድኃኒትዎ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ በባዶ ሆድ አይውሰዱት፤ በሕመም ጊዜ ስለሚኖረው ፈቃድ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ። ማጨስ አጥንት እንዳይጠገን ያዘገያል።

አቀማመጥና ጸሎት። ቡና ሲያፈሉ በዝቅተኛ በርጩማ ፋንታ ከፍ ባለ ወንበር ይቀመጡ። መስገድና መንበርከክ መቼ እንደሚቻል ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ እስከዚያው ተቀምጠው ይጸልዩ።

ጉዞ። ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ረጅም ነው፤ ከስብራት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም የመርጋት አደጋውን ይጨምራል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ቀኝ እግርዎ ከተጎዳ ሐኪምዎ ሳይፈቅድ መኪና አይንዱ።

ክፍያና ሥራ

ገንዘብ ወይም ወረቀት የለኝም ብለው ከድንገተኛ ክፍል አይቅሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት የድንገተኛ ክፍል መክፈል ለማይችልም ሰው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለውም ሰው ምርመራና አስቸኳይ ሕክምና መስጠት አለበት። በኦክላንድ የሚገኘው ሃይላንድ ሆስፒታል ከባድ አደጋ ለደረሰባቸው አዋቂዎች የካውንቲው ዋና ማዕከል ነው። ሂሳቡ ከበዛብዎ ሆስፒታሉን የቅናሽ ወይም የነፃ ሕክምና ማመልከቻ ይጠይቁ፤ በካሊፎርኒያ ሕግ የቤተሰብ ገቢያቸው ከፌዴራል የድህነት መለኪያ 400 ከመቶ ያልበለጠ ሰዎች ማመልከት ይችላሉ።

ጉዳቱ በሥራ ላይ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። አሠሪዎ ካወቀ በኋላ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ ሊሰጥዎ ይገባል። ቅጹን ሞልተው ከመለሱ በኋላ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ሕክምና ይሸፈናል። ይህ መብት በመኖሪያ ፈቃድ አይወሰንም። በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ ወይም ምግብ የሚያደርሱ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 22 ኩባንያው የሥራ ላይ አደጋ መድን እንዲገባልዎ ያስገድዳል፤ ወዲያውኑ ያመልክቱ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

1. ምስሉ ምን አሳየ? ያልታየስ ምን አለ?
2. ጅማቴ፣ የደም ቧንቧዬና ነርቬ ተመርምረዋል?
3. እግሬ ላይ ምን ያህል ክብደት ላድርግ? እስከ መቼ?
4. ፊዚዮቴራፒ መቼ ይጀመራል?
5. ወደ ሥራ፣ ወደ መንዳትና ወደ ስግደት መቼ እመለሳለሁ?
6. ሌሊት ላይ ችግር ቢገጥመኝ በየትኛው ስልክ ልደውል?

ይህን ገጽ ይዘው ወደ ቀጠሮዎ ይሂዱ፤ መልሶቹንም ከጎኑ ይጻፉ። በካውንቲው ስለሚሰጡ የጤና፣ የመጓጓዣና የምግብ አገልግሎቶች ለማወቅ ወደ 211 ይደውሉ፤ በአማርኛ መነጋገር እንደሚፈልጉም ይንገሯቸው። ለአስቸኳይ ሕመም ግን ሁልጊዜ 911 ነው።